«ተጫወት እንጂ!»፦ ዝምተኛ ሰው በመጽሐፎቻችን ውስጥ የት ይቀመጣል?

እሁድ ከሰዓት ነው፤ ሸጎሌ፣ እናቴ ቤት። ቡናው አቦል ላይ ደርሷል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ዞሯል፣ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። እኔ ጥግ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ልብ በሉ፣ አልተከፋሁም፣ አላመመኝም። እንዲያውም ወሬው ጥሟኛል። ብቻ አልተናገርኩም። አንዲት የእናቴ እኩያ ጎረቤታችን ዞር ይሉና ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃትን ዓረፍተ ነገር ይወረውሩልኛል፦ «አንተ ልጅ፣ ተጫወት እንጂ!»

ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደተባልኩ ቆጥሬው አላውቅም። በሰርግ ተብያለሁ፣ በክርስትና ተብያለሁ፣ አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ በተቀመጡ የማላውቃቸው ሰውዬ ሁሉ ተብያለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ እኔ ለማማረር አይደለም። አንድ ጥያቄ ስለያዘኝ ነው፦ ይሄ ሁሉ የምንኮራበት ሥነ ጽሑፍ እያለን፣ ሰው መሃል እየኖረ ዝም ማለት ለሚወድ ሰው ምን አዘጋጅቶለታል? ባሕታዊ ያልሆነ፣ ያላበደ፣ ፍቅር ያልያዘው፣ ዝም ብሎ ዝምተኛ የሆነ ሰው መጽሐፎቻችን ውስጥ የት ይቀመጣል?

መጀመሪያ ከቃሉ እንነሳ። በአማርኛ ማውራት «ጨዋታ» ነው። የሚያወራ ሰው «ተጫዋች»፣ ጎበዝ ሲሆን ደግሞ «ጨዋታ አዋቂ» ይባላል። ስለዚህ ዝም ያለ ሰው ዝም ብቻ አላለም፤ ጨዋታ ላይ ተጠርቶ አልጫወትም ያለ ልጅ ነው። ሌሎቹን ስሞች ደግሞ ደርድሯቸው፦ ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ጭምት፣ ዓይን አፋር፣ ድብቅ፣ ኩሩ፣ ሆዱ የማይታወቅ። አንዳንዶቹ ምስጋና ይመስላሉ። ጭምት ለምሳሌ ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ለማን እንደሚሰጥ እዩ። ለሃይማኖተኛና ለሴት ልጅ። እህቴ ዝም ስትል «ጭምት ናት፣ አስተዳደጓ ነው» ይባላል። እኔ ዝም ስል «ምን ሆነ?» ይባላል። የእሷ ዝምታ የወላጆቻችን ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል፣ የእኔ ደግሞ በሽታ። ሁለታችንም ጋ ተፈጥሮ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ከሁሉም በላይ ግን ዝምታን የሚተረጉምልን ቃል ኩርፊያ ይመስለኛል። እኛ ጋ ሰው ዝም ሲል መጀመሪያ የሚታሰበው «አኩርፏል» ነው። ማነው ያስቀየመው? ምን ተብሎ ነው? እናንተ ዝም ያላችሁት ድምፃችሁን ለመቆጠብ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ጥፋቱን እየፈለገ ነው።

አሁን አሁን ለዚህ ነገር ከውጭ የመጣ ስም አግኝተናል፤ ኢንትሮቨርት። ቃሉን ዓለም ላይ ያስተዋወቀው የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ ነው፤ ስለ ሰው ልጅ የባሕርይ ዓይነቶች የጻፈው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ወደ እኛ ስልክ የገባው ግን በዩንግ በኩል አይደለም፤ በቲክቶክና በቴሌግራም በኩል ነው። «ኢንትሮቨርት ከሆንክ ይሄ ይገባሃል» የሚሉ ቪዲዮዎችን የማያውቅ የለም። እኔም መጀመሪያ ሳያቸው እፎይ ብያለሁ። ለካ ስም አለው! ለካ ብቻዬን አይደለሁም!

ከእነዚህ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ፣ ምንጩን ሳይጠሩ፣ የሚደጋግሙት አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኳየት» ብላ ባሳተመችው መጽሐፍ የተናገረችውን ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው። የኬን ክርክር ባጭሩ ይሄ ነው፦ አሜሪካ ድሮ ሰውን በጠባዩ ጥንካሬ ትመዝን ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሰው ከትንንሽ ከተሞች ወደ ትልልቆቹ ሲጎርፍና ንግድ ሲስፋፋ ግን መመዘኛው ተለወጠ። ራሱን መሸጥ የሚችል፣ ፊቱ የሚያበራ፣ አፉ የሚፈታ ሰው አሸናፊ ሆነ። ስለዚህ የኬን ባላጋራ ነጋዴው ነው፤ ሻጩ፣ ስብሰባው፣ ግድግዳ የሌለው ቢሮ።

ችግሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይሄን ክርክር እንዳለ አንስተን ሸጎሌ ስናመጣው አይገጥምም። «ተጫወት እንጂ» ያሉኝ ሴትዮ ምንም እየሸጡልኝ አይደለም። እንድሸጥላቸውም አልጠየቁኝም። ደህና መሆኔን እየጠየቁ ነው። ከተለያየ አገር ተሰባስበን፣ አንዱ የሌላውን ዘመድ በማያውቅበት ከተማ ውስጥ፣ ነገ ብሞት ሬሳዬን የሚያነሱት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። እድር የሚባለው ነገር ከተማው ውስጥ የተስፋፋው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ዘመድ ሩቅ ሲሆንበት ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። እዚህ ጋ መቀራረብ የገበያ ፋሽን አይደለም። ኢንሹራንስ ነው፣ ቀብር ነው፣ የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

ሰፈራችንም ከስሙ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነው። ሸጎሌ የሚለው ስም የመጣው ከሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነው፤ የአሶሳ ገዢ የነበሩና ጉለሌ ላይ መኖሪያ የነበራቸው ሰው። ሼህ ኾጀሌ፣ ሼኾጀሌ፣ ሸጎሌ። የአንድ ሰው ስም በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ሲመላለስ ተላልጦ የሁሉም ሆነ። እዚህ አገር ለብቻ የሚቀር ነገር የለም፤ ስም እንኳን።

ስለዚህ ጥያቄው «ኢንትሮቨርት ነኝ፣ ተዉኝ» ብሎ ከመገላገል ይከብዳል። እስቲ ወደ ራሳችን መጽሐፎች እንሂድ። ሳገላብጣቸው ለብቻው መሆን ለሚፈልግ ሰው ሦስት ክፍሎች ያዘጋጁ መሰለኝ፦ ዋሻ፣ ገዳምና እብደት።

ዋሻው የዘርዓ ያዕቆብ ነው። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ ጽሑፍ እንደሚተርከው፣ ዘርዓ ያዕቆብ አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ መምህር ሆነ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሲጋጋል አንድ ጠላቱ ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ እሱም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አካባቢ አንድ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በእርግጥ የጽሑፉ ደራሲ ማነው የሚለው ክርክር ገና አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሏል፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ዕድሜውን በዚህ ላይ አሳልፏል። ለእኔ ጉዳይ ግን ማንም ይጻፈው፣ ውስጡ ያለው ሐሳብ ይበቃኛል። ዘርዓ ያዕቆብ ከሊቃውንት ጋር ሲኖር ካወቀው ይልቅ በዋሻው ብቻውን ሆኖ ያወቀው እንደሚበልጥ ይነግረናል። ጉባኤ፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ፣ ሁሉም በሰው መሃል በሚካሄድበት አገር ይህን ማለት ትልቅ ድፍረት ነው።

ግን እዩት፦ ዘርዓ ያዕቆብ ለብቻው ለመሆን ንጉሥ ሊገድለው መፈለግ ነበረበት። ዝምታውን የፈቀደለት ስደቱ ነው። ማንም «ለምን ቡና አትጠጣም?» አላለውም፤ ምክንያቱ ከባድ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ገዳም ነው። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ትንሽ ወጣ ብዬ ብዙዎቻችሁ በጆሮ ማዳመጫ የምታውቋቸውን ሰው ልጥራ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን። አዲስ አበባ ውስጥ በ1916 ዓ.ም. ከመኳንንት ቤት ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፣ በወጣትነታቸው ግን ሁሉን ትተው መነኮሱ። ግሸን ማርያም ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖረዋል። በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ነበሩ። ፒያኖአቸውን የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ከማንም ጋር አይሽቀዳደምም፣ አጃቢ አይፈልግም፣ ጨርሶ የሚናገረው ለራሱ ነው። ዛሬ መንፈቀ ሌሊት ላይ መብራት አጥፍቶ እሳቸውን የሚሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነው። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ አገራችን በብቸኝነት ሲቀመጡ ካከበረቻቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ስለሆኑ ነው። ክብሩን ያገኙት ግን በቆባቸው ነው። ለባሕታዊ «ተጫወት እንጂ» የሚል የለም። ቆብ የሌለው ሰው ያንኑ ዝምታ ቢፈልግ፣ በምን ይመከታል?

ሦስተኛው ክፍል እብደት ነው፤ ወይም ሰው እብደት ብሎ የሚጠራው። እዚህ ጋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልቦለድ ውስጥ ካሳ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን ጉዱ ካሳ ብሎ ነው። «ጉድ» ያሉት እንደ ሰው ስላልኖረ፣ ልማዱን ስላልተቀበለ፣ የሚታየውን በግልጽ ስለሚናገር ነው። ብዙ ተቺዎች ጉዱ ካሳን የለውጥ ነቢይ አድርገው አንብበውታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን በቅርቡ መልሼ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ጉዱ ካሳ ዝምተኛ አይደለም። የሚሰማው ሲያገኝ፣ በዛብህን ሲያገኝ፣ ይከፈታል፤ ገጽ ሙሉ ይናገራል። በጉባኤ መሃል ባይተዋር የሆነው ሰው፣ አንድ ለአንድ ሲሆን የልቦለዱ ትልቁ ተናጋሪ ነው። ይህን ጠባይ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው አለ? እኛ ዝም የምንለው የምንናገረው ስለሌለን አይደለም። አሥር ሰው መሃል የሚጠፋብን ቃል አንድ ሰው ፊት ሲሆን ይመጣል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በደንብ አይተውታል። ግን እሳቸውም ለጉዱ ካሳ ብቸኝነት ምክንያት ሰጥተውታል፤ ትክክል ስለሆነ ነው ብቻውን የሆነው። አገሩ ተሳስቷል፣ እሱ አውቋል። እኛም የምንወደው ለዚህ ነው። ታዲያ አብዮት የሌለውስ? ምንም አዲስ ነገር ያላወቀ፣ ባህሉንም የማይጠላ፣ ብቻ ሰው ሲበዛ የሚደክመው ሰውስ? ለእሱ ዲማ ውስጥ ቤት የለውም።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ከጉዱ ካሳ ጋር መምታታት የሌለባት ሌላ ብቸኛ አለች። ሰብለ ወንጌል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሩ የሚመጥን ባል አጣሁ እያሉ ዕድሜዋን አስረዘሙባት፤ ጓደኛ የላት፣ መውጫ የላት። የሰብለ ብቸኝነት ተፈጥሮ አይደለም፣ ፍርድ ነው። የተፈረደባት ደግሞ በሰው ኩራት ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስትመነኩስ እንኳ የመረጠችው ዝምታ ነው ለማለት ያስቸግረኛል። ይሄን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው ለምክንያት ነው። ስልካችን ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ሁለቱን ያደባልቋቸዋልና። ብቻዬን መሆን ያሳርፈኛል የሚል ሰውና ብቻዬን ቀረሁ የሚል ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «ኢንትሮቨርት ነህ፣ ራስህን ተቀበል» ሲባል ጉዳት ነው የሚደርስበት። እሱ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

በዚህ ልቦለድ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የብቸኞች መጽሐፍ ነው፤ በብዛት የታወቀው ግን በጋራ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሬዲዮ ያለበት ቤት ተሰብስቦ ነው የሰማው። እናቴ አሁንም ስለዚያ ታወራለች። ጉዱ ካሳ ብቻውን ሲቀር አገር ሙሉ ሰው አብሮ ያዝናል፤ በማግስቱ ግን ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ዝምተኛ «ኩራተኛ» ይለዋል። ሬዲዮ ላይ የምናዝንለትን ሰው ጎረቤት ሲሆን አናውቀውም።

ከገጠር ወደ ከተማ ስንመጣ ደግሞ በዓሉ ግርማ አለ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አበራ ወርቁን ሰጠን፤ አንድ እግሩ ቢሮ፣ አንድ እግሩ ጥበብ ላይ የሆነ፣ ዘመዶቹ ወግ ማዕረግ እንዲያይ የሚፈልጉ፣ እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ያለ የከተማ ሰው። ለእኛ ቅርብ ነው፤ ቢሮው፣ ጓደኞቹ፣ «መቼ ነው የምታገባው» የሚለው ጥያቄ። አራተኛ ክፍል የተከፈተ ይመስላል። ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት ይሄም መግቢያ ትኬት ይጠይቃል። አበራ ለብቻው መሆን የሚፈልገው ጥበበኛ መሆን ስላለበት ነው። ከእሱ በኋላ ይህ ነገር ልማድ ሆኖ ቀረ፤ አርቲስት ከሆንክ ጸጉርህን ብታጎፍርም፣ ሰው ብትሸሽም፣ ስልክ ባታነሳም «አርቲስት ነው» ተብሎ ይታለፍልሃል። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆንክ ግን አይታለፍልህም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

እንግዲህ ክሴ ይሄ ነው። ሥነ ጽሑፋችን ብቸኛን ይወዳል፤ ግን ከባድ ምክንያት ካለው ብቻ። ስደት፣ ቆብ፣ እብደት፣ ፍቅር፣ ጥበብ። ምክንያት የሌለው ተራ ዝምተኛ አይታየውም። ያልታየ ሰው ደግሞ ራሱን የሚያይበት መስታወት ስለሌለው ሁለት ነገር ብቻ ይቀረዋል። ወይ እንደ ተጫዋች ለመምሰል ራሱን ያደክማል፣ ወይ ከውጭ በመጣ ስም በሩን ቆልፎ ይቀመጣል።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ቃሉን ከስልኬ ካገኘሁ በኋላ ሰርግ አልሄድም፣ ለቅሶ አልደርስም፣ እድር ስብሰባ እናቴን እልካለሁ። «ተፈጥሮዬን ተቀብያለሁ» እል ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል በጣም ተመቸኝ።

ከዚያ አባቴ ሞተ።

ክረምት ነበር። ማለዳ ላይ ጥሩንባው ተነፋ፣ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ቆመ። ቤታችን ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ የድንኳን ብረት የሚያቆሙትን ሰዎች ቆሜ አየኋቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሰላም ብያቸው አላውቅም። አንዱ፣ ባለፈው ዓመት እናታቸው ሲሞቱ ያልደረስኩላቸው ሰው ነበሩ። የአባቴን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ሆኑ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ያን ቀን «ራስን መቀበል» ያልኩት ነገር የሆነ ቦታ ላይ በሌላ ሰው ትከሻ የተከፈለ ዕዳ እንደነበር ገባኝ።

ግን ሌላም ነገር አየሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። የእድራችን ንብረት ያዥ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ቢሰሙ ያፍራሉ። ወንበር ይቆጥራሉ፣ የድንኳኑን ገመድ ያጠብቃሉ፣ ለእጅ ማስታጠቢያ ውሃ ያመላልሳሉ። ሲጨርሱ ድንኳኑ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ሦስቱንም ቀን አብረውን አመሹ። በሦስት ቀን ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት ሁለት ነገር ነው። ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ደግሞ ብረቱን ወደ እኔ ዘርግተው «ያዝ፣ በዚህ በኩል።» ሌላ ምንም። ሆኖም በዚያ ድንኳን ውስጥ ከእሳቸው ይበልጥ አብሮኝ የነበረ ሰው የለም። ደግሞ «ጋሼ፣ ተጫወቱ እንጂ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ያኔ ነው የገባኝ። መጽሐፎቻችን ውስጥ የፈለግኩት ክፍል ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ለቅሶ ቤት፣ አስቡት እስቲ፣ ዝምታ ሙሉ መብት ያለው ቦታ ነው። ገብተህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ዝም ትላለህ፣ ትነሳለህ። መምጣትህ ይበቃል። ማንም ቃልህን አይቆጥርም። እድር ራሱ ለዝምተኛ የሚሆን ሥራ ሞልቶታል፤ ወንበር መቁጠር፣ መዝገብ መያዝ፣ ገመድ ማሰር። ይህን ሁሉ ያዘጋጀው ባህል «ተጫዋች ብቻ ይወዳል» ብዬ የከሰስኩት ባህል ነው። እኔ ያየሁት ሳሎኑን ብቻ ነበር።

አላጋንንም። ይሄ ክፍል ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። እህቴ ድንኳን መትከል አልተፈቀደላትም። ለእሷ የተሰጣት ቦታ ጓዳ ነው፤ ሽንኩርት ከሚከትፉት መሃል፣ ወሬ በማያቋርጥበት። ዝም ስትል ጭምት ናት ይሏታል እንጂ «ደክሟት ይሆናል፣ ትንሽ ትውጣ» አይሏትም። አንድ ማታ ላይ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ ከበርሜሉ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ቆማ አገኘኋት። ምንም አልጠየቅኳትም፤ አብሬያት ቆምኩ። እሷ የምትቀመጥበትን ክፍል የሚጽፍ ደራሲ ካለ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

አሁን ወደ ዘርዓ ያዕቆብ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከታሪኩ ውስጥ ዋሻውን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ሰውዬው እኮ ከዋሻው ወጥቷል። ሱስንዮስ ሞቶ ፋሲለደስ ሲነግሥ እንፍራንዝ ሄደ፤ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ ሒሩት የምትባል ሴት አገባ፤ ልጅ ወለደ። እንዲያውም ምንኩስናን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አይሄድም ብሎ ይተቸዋል። ብቻውን መሆን ምን እንደሚሰጥ ከማንም በላይ የቀመሰ ሰው፣ ኑሮዬ ይሁን ብሎ አልያዘውም። ሐተታውንም ቢሆን የጻፈው ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው። ዋሻው ያሰበበት ቦታ ነው፤ የኖረበት ግን ሰው መሃል ነው። ከሦስቱ ክፍሎች የመጀመሪያው ከጅምሩ በር ነበረው ማለት ነው። እኛ ስናነብ ዘጋነው እንጂ።

ስለዚህ ራስን መቀበል ሲባል አሁን የሚገባኝ እንዲህ ነው። ለመሄድ አልሄድም ከማለት ይልቅ ምን ሆኜ እንደምሄድ ማወቅ። ሰርግ ላይ ጭፈራው መሃል ባልገባም የእንግዳ ጫማና ጃኬት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። በሳምንት ስድስት ቀን ሰው ሲያደክመኝ ሰባተኛውን ለብቻዬ እወስዳለሁ፤ ከሸጎሌ ብዙ ወደማይርቀው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እወጣና እሄዳለሁ፣ ስልኬን አላነሳም። ለእናቴም በግልጽ ነግሬያታለሁ፦ «አኩርፌ አይደለም እማዬ፤ ላርፍ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ኩርፊያ አለመሆኑን ካልተናገርነው ሰው በምን ያውቃል? ዝምተኛ ሰው ቢያንስ ስለ ዝምታው መናገር አለበት።

ይሄ ሁሉ ነገሩን ቀላል አላደረገውም። አሁንም ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ላብ ያጠምቀኛል። አሁንም «ያ ኩራተኛ ልጅ» የሚሉኝ አሉ። ግን ድንኳን ሲተከል ከንብረት ያዡ ቀጥሎ የምደርሰው እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ጋር ያወራነው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ገጽ አይሞላም። ጓደኛዬ ማነው ብትሉኝ ግን እሳቸውን እጠራለሁ።

ደራሲዎቻችን ሆይ፣ እኚህን ሰውዬ ጻፉልን። ስደት አታምጡባቸው፣ አታሳብዷቸው፣ ቆብ አትድፉባቸው። ወንበር ሲቆጥሩ ብቻ አሳዩን።

ወደ ቡናው ልመለስ። ባለፈው እሁድም ያችው ጎረቤታችን ቶናው ሲቀዳ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ተጫወት እንጂ!» አሉኝ። ፈገግ አልኩ፣ ሲኒዬን ተቀበልኩ። እናቴ ጀበናውን እያስቀመጠች ለእኔ መለሰችልኝ።

«ተይው፣ እየተጫወተ ነው።»